ፕላዝማው አይጠብቅም ነበር

"ገብቷችኋል?"

"አዎ!"

በእኛ አገር ክፍል ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተለመደ ውሸት ያለ አይመስለኝም። ማንም ደግሞ በክፋት አይዋሸውም። መምህሩ ደክሞታል። ተማሪው ደወል እየጠበቀ ነው። "አልገባኝም" ያለችን ልጅ 57 ጓደኞቿ ዞረው ያዩዋታል። ስለዚህ አንድ ላይ "አዎ!" ተብሎ ይታለፋል።

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ 13 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ ውስጥ ግማሹን ያህል ይህችን ጥያቄ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስጠይቅ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ "አዎ" ስባል ኖሬያለሁ። ፈተና ሳርም ግን እነዚያ "አዎ" ባዮች የት እንደገቡ ይጠፋኛል።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የተነገረ ሰሞን ታስታውሳላችሁ። ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እኛ ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ እየቀዘቀዘ ሁሉም የየራሱን ጥፋተኛ ሲፈልግ ዋለ። ኩረጃ ነው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ነው፣ ስልክ ነው፣ ወላጅ ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አለው። እኔን ግን ያን ቀን ጆሮዬ ላይ ሲጮህብኝ የዋለው ያ "አዎ!" ነው። 12 ዓመት ሙሉ "ገብቶናል" ሲሉ የኖሩ ልጆች ናቸው እኮ።

ሰሞኑን አዲስ የተመደበ ወጣት መምህር "ቲቸር፣ ለክፍል የሚሆን ጥሩ አፕ የቱ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ቆመን አወራነው። ሻይ ቤት ገብተን ቀጠልነው። አላለቀም። የቀረውን ነው እዚህ የምጽፈው።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ 9ኛ ክፍል ነበርኩ። ለማታውቁት ወጣቶች ልንገራችሁ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይዘጋጃል፣ በሳተላይት ይለቀቃል፣ አገር ምድሩ ላይ ያለ 9ኛ ክፍል እኩል ሰዓት ላይ እኩል ያያል። መምህሩ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለው፣ መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለው። መሐሉ የቴሌቪዥኑ ነው። በብረት ሳጥን የተቆለፈው ያ ትልቅ ቴሌቪዥን ክፍላችን የገባ ቀን እንደ ሙሽራ ነው የተቀበልነው።

ምስሉም ያምር ነበር፤ አልዋሽም። የኤሌክትሪክ ሞተር ውስጡ ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። መምህራችን በጠመኔ ቢደክሙ ያን ሊያሳዩን አይችሉም ነበር።

ችግሩ አለመቆሙ ነው። ከሰማይ ለሁሉም የሚወርድ ነገር ለእኛ ክፍል ተብሎ አይቆምም። ስክሪኑ ላይ ያሉት መምህር በእንግሊዝኛ "ይህን በደብተራችሁ ሥሩ" ይላሉ። እኛ ጥያቄውን እንኳ ገልብጠን ሳንጨርስ "ቬሪ ጉድ!" ይሉናል። ማንን እንደሆነ እንጃ። የራሳችን መምህር ግድግዳ ተደግፈው ከእኛ ጋር ያያሉ። አንድ ቀን መሐል ላይ መብራት ጠፋ። እሳቸው ጠመኔ አነሡና ከመጀመሪያው ጀመሩልን። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ በጨለማ።

ስለዚህ ዛሬ ሰው አዲስ አፕ፣ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ዘዴ ሲያሳየኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይጠብቃል ወይ?

መጠበቅ የማያውቀው ግን ቴሌቪዥኑ ብቻ አልነበረም። ሜሪ ባድ ሮው የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ባወጧቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ያ ጊዜ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹም መልስ አብሮ ይረዝማል። ዝም ብለው የሚቀመጡት ልጆች መናገር ይጀምራሉ።

ይህን ሳነብ "እኔስ እንደዚያ አይደለሁም" አልኩ። ለማረጋገጥ የስልኬን ድምፅ መቅጃ ከፍቼ፣ ኪሴ ከትቼ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ማታ ሰማሁት። ባልሰማው ይሻለኝ ነበር። እጠይቃለሁ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ራሴ እመልሳለሁ፣ ከዚያ "ገብቷችኋል?" ፕላዝማው ሳጥኑን ሰብሮ ወጥቶ በሁለት እግሩ ይሄዳል።

ለዚያ ወጣት መምህር የነገርኩት የመጀመሪያው "አፕ" እንግዲህ ይኸው ድምፅ መቅጃ ነው። ስልክ ሁሉ ላይ አለ። ኢንተርኔት አይፈልግም። አንዴ ሰምተህ አጥፋው፤ የልጆቹም ድምፅ ስላለበት ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ሦስት ሰከንድ ሲባል አጭር ይመስላል። ክፍል ፊት ቆማችሁ ሞክሩት። ጠይቄ በልቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስቆጥር መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ የታመምኩ መስሏቸው ነበር። አንዱ "ቲቸር፣ ይንገሩን በቃ" አለኝ። ለምደውት ነዋ። እነሱ ዝም ካሉ መልሱ ከእኔ ዘንድ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ይህን ለመስበር ሁለት ወር ያህል ፈጀብኝ።

ዝምታው ካለፈ በኋላ ደግሞ እጅ የሚያወጡት ያው ስድስት ልጆች ናቸው። ፊት ያሉት። ስለዚህ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ወስጄ የ58ቱንም ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ከተትኩበት። ዕጣ ነው፣ እንደ ዕቁብ። በመጀመሪያ የወጣውን ስም አልመልስም ነበር። ልክ እንደ ዕቁቡ፣ የደረሰው አንዴ በላና አረፈ። በእውነትም አረፈ! ስሙ ከካርቶኑ የወጣ ልጅ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አገር ሰላም ነው። አሁን የወጣ ስም ተመልሶ ይገባል። ሌላም የተማርኩት ነገር አለ። መጀመሪያ ጠይቅ፣ ከዚያ ጠብቅ፣ በመጨረሻ ዕጣውን አውጣ። ስሙን አስቀድመህ ከጠራህ 57ቱ ማሰብ ያቆማሉ።

የሩብ ወረቀቱን ነገር ብዙ መምህር ያውቀዋል፤ በአጭሩ ልለፈው። ከደወሉ አምስት ደቂቃ በፊት አንድ ጥያቄ፣ በሩብ ወረቀት፣ ሲወጡ በር ላይ ይሰጡኛል። አላርመውም። ማርክ የለውም። ሦስት ቦታ ብቻ እከምረዋለሁ፦ የገባቸው፣ ግማሽ የገባቸው፣ ጭራሽ ያልገባቸው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያልቅልኛል። ሦስተኛው ክምር ከወፈረ ነገ አዲስ ምዕራፍ የለም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ፕሊከርስ የሚባለውን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ትምህርት ቤታችን ተማሪ ስልክ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። ጥሩም አድርጓል። ነገር ግን "ልጆቹ በስልካቸው ይመልሱ" የሚሉ አፖች ሁሉ በዚሁ በር ላይ ይቀራሉ። ቢፈቀድስ? ስልክ ያለው ልጅና የሌለው ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ፕሊከርስ የሚፈልገው አንድ ስልክ ብቻ ነው፣ የመምህሩን። ልጆቹ የሚይዙት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ቅርጽ አለ፤ አራቱ ጎኖቹ ላይ በደቃቁ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተጽፏል። ልጁ የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አዙሮ ከፍ ያደርጋል። እኔ ቆሜ የስልኬን ካሜራ ከግራ ወደ ቀኝ አዞራለሁ። ማን ምን እንደመለሰ ወዲያው ስልኬ ላይ ይታያል። ካርዱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከልጁ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ፊደሎቹ ደቃቅ ስለሆኑና የሁሉም ካርድ ቅርጽ ስለሚለያይ ከጎረቤት መኮረጅም አይመችም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው የእኔው ስልክ ነው።

የተለመደው የካርድ ስብስብ 40 ካርድ አለው። 63 ካርድ ያለው ሌላም አለ። ያን ስሰማ የእኛን አገር ክፍል አይቶ የመጣ ሰው ያለበት መሰለኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ የብስኩት ካርቶን ላይ ለጥፌ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር አጠናከርኩት። በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ አታስለብጡት። ብርሃን ያንጸባርቅና ካሜራው አያነበውም። ይህን ያወቅሁት የመጀመሪያውን 63 በገንዘቤ አስለብጬ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ጥያቄ ይህ ነበር። ድንጋይ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ወረወርህ። ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ ልክ ቆም ባለበት ቅጽበት፣ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው? ኤ፦ ዜሮ። ቢ፦ 9.8 ወደ ታች። ሲ፦ 9.8 ወደ ላይ። ዲ፦ በድንጋዩ ክብደት ይወሰናል። ትምህርቱን ባለፈው ሳምንት ጨርሰነዋል። "ገብቷችኋል?" ብያለሁ። "አዎ!" ተብያለሁ። ስልኬ ላይ የታየው ግን ሌላ ነው። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ ኤ ብሏል። የክፍሉ አንደኛም ኤ ብላለች።

ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ድንጋዩ ቆሟል፣ የቆመ ነገር ደግሞ ምንም የለውም ብለው አስበው ነው። ቬሎሲቲውን፣ ማለትም ፍጥነቱን፣ ከአክስለሬሽኑ ቀላቅለውታል። ጥያቄ ስታዘጋጁ እንዲህ ያለውን ስሕተት ነው ምርጫው ውስጥ መክተት ያለባችሁ። አላዋቂ ብቻ የሚመርጠውን ዝም ብላችሁ አትደርድሩ፤ አስቦ የተሳሳተ ልጅ የሚመርጠውን ፈልጉ። እሱን ከየት ታገኛላችሁ? ከሩብ ወረቀቱ ሦስተኛ ክምር።

ውጤቱን ሳይ አፌን በላኝ፤ መልሱን ልነግራቸው። አልነገርኩም። የሃርቫርዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ያስፋፉት ዘዴ አለ። ክፍሉ ሲከፋፈል መልሱን አትናገር፤ ልጆቹ አጠገባቸው ያለውን እንዲያሳምኑ ሁለት ደቂቃ ስጣቸው፣ ከዚያ እንደገና ጠይቅ። እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ክፍሉ እንደ ገበያ ጮኸ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው አዩና መምህር መኖሩን አረጋግጠው ሄዱ። ከኋላ አንድ ልጅ ጓደኛውን "አክስለሬሽን ከሌለውማ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር እኮ!" ሲለው ሰማሁ። በ13 ዓመት ውስጥ እኔ እንደዚያ አጥርቼ ተናግሬው አላውቅም። ሁለተኛ ዙር ካርድ ሲነሣ አብዛኛው ትክክለኛው መልስ፣ ቢ ነበር።

በክፍለ ጊዜ ከሦስት ጥያቄ በላይ አልጠይቅም። አርባ ደቂቃ ነው ያለን።

ቤተ ሙከራ ለሌለው ደግሞ ፌት የሚባሉት ማሳያዎች አሉ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያዘጋጃቸው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚው ፊዚሲስት ካርል ዋይማን የጀመሩት ነው። በነጻ ነው፣ አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖል ስክሪን ላይ ትገጣጥማለህ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄጄ አወርድና በፍላሽ ለባልደረቦቼ አካፍላለሁ (ፍላሹን ከቫይረስ አጽዱት፣ እባካችሁ)። የምወደው ግን ሽቦውን ከመንቀሌ በፊት እጄን ይዤ "ሁለተኛው አምፖል ይጠፋል ወይስ ይበራል?" ማለት መቻሌን ነው። ይጠብቃል። እውነተኛ ባትሪና ትንሽ አምፖል ካላችሁ ግን እሱን አስቀድሙ። በገዛ እጁ ያበራትን አምፖል ልጅ አይረሳትም።

ቴሌግራምን የተማርኩት በግድ ነው። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ ሁላችንም ወደዚያ ሮጥን። እኔም 40 ገጽ ፒዲኤፍ ለቀቅሁ። ማንም አላነበበውም። እኔም ብሆን አላነበውም ነበር። የኋላ ኋላ የቀረልኝ አንድ ነገር ነው፦ በማታ አንድ ጥያቄ፣ በቴሌግራሙ የኩዊዝ ምርጫ። ልጁ ይነካዋል፣ ልክ መሆኑን ወዲያው ያያል፣ ከተሳሳተ አጭር ማብራሪያ ይወጣለታል። ብዙ ዳታ አይበላም። ቻናል ላይ ከለቀቃችሁት ማን ምን እንደመለሰ አይታይም። መጀመሪያ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር። አሁን እንደ በረከት ነው የማየው። ክፍል ውስጥ ተሳስታ ከምትሳቅባት ልጅ ይልቅ ማታ አልጋዋ ውስጥ ሆና በድብቅ የምትሞክረው ትበልጣለች።

ስልክ የሌላቸውስ? ጠዋት ሰሌዳው ጥግ ላይ "የትናንት ማታ ጥያቄ" ብዬ እጽፈዋለሁ። አይቀርባቸውም። ለእናንተ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ቴሌግራም ላይ ጥያቄው የሚላክበትን ሰዓት አስቀድማችሁ መወሰን ትችላላችሁ። የሳምንቱን ጥያቄ እሑድ ጠዋት ቡና ሲፈላ ደርድሩትና ስልኩን ተዉት። አለበለዚያ በሌሊት "ቲቸር፣ የነገው ቴስት ስንት ምዕራፍ ነው?" የሚል መልእክት እንቅልፍ ይነሣችኋል።

አሁን ወደ ሮስተር። ሮስተር ሠርቶ የማያውቅ ሰው የመምህርን ምሬት አያውቅም። የሁሉም ትምህርት ማርክ ይሰበሰባል፣ ይደመራል፣ አማካይ ይወጣል፣ ደረጃ ይወጣል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው በካልኩሌተር ይደምራል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ በምላጭ ይፋቃል። የወረቀቱ ገላ እስኪሳሳ። ሁለት ቀን ይሄዳል።

ኤክሴል ይህን ወደ አንድ ማታ አወረደልኝ። ላፕቶፕ ባይኖራችሁ ስልክ ላይም ይሠራል። ድምሩ ቀላል ነው፣ አማካዩም ቀላል ነው። ደረጃ ማውጫው ራንክ የሚባለው ነው፤ እሱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ ፎርሙላውን አንደኛው ልጅ ላይ ጽፌ ወደ ታች ሳብኩት። አለቀ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ስማቸው በ"ፍ" የሚጀምረው ሦስት ልጆች ሁሉም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ባለው ደረጃ ውስጥ ገብተዋል። ፍቅርተም፣ ፍጹምም፣ ፍሬውም። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ገብቶ የማያውቀውም ልጅ አንደኛ!

ነገሩ ወዲህ ነው። ፎርሙላውን ወደ ታች ስትስቡት የሚያወዳድርበት ዝርዝርም አብሮ ወደ ታች ይንሸራተታል። የመጀመሪያዋን ልጅ ከ58ቱ ጋር ያወዳድራታል፣ ሁለተኛዋን ከ57ቱ ጋር፣ እያለ እያለ የመጨረሻው ልጅ ዘንድ ሲደርስ ከራሱ በቀር ተወዳዳሪ የለውም። በፊደል ተራ መጨረሻ የሚመጡት ደግሞ የ"ፈ" ቤት ልጆች ናቸው። መፍትሔው የዶላር ምልክት ነው። ዝርዝሩ ከሚጀምርበትና ከሚያልቅበት ቁጥር ፊት አስገቡት፤ ባለበት ይቸነከራል። ኮምፒውተር ላይ ፎርሙላው ውስጥ ዝርዝሩን መርጣችሁ ኤፍ 4 የምትለዋን ቁልፍ አንዴ መንካት ይበቃል። ይህችን አንዲት ምልክት ከማወቄ በፊት ሮስተሩን ለርዕሰ መምህሩ አለመስጠቴን አሁንም አመሰግናለሁ።

የፊደል ተራ ካነሣሁ አይቀር፣ የስም ዝርዝሩን በአሮጌ የአማርኛ ፎንት አትጻፉት። እነዚያ ፎንቶች እንግሊዝኛ ፊደል ላይ የተለጠፈ ምስል ናቸው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ክታብ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ በፊደል ተራ ደርድር ብትሉትም ሀሁን አያውቅም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ስም የትም ይከፈታል፣ ከ"ሀ" ጀምሮም ይደረደራል።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱንም ወጣቱ ጠይቆኝ ነበር። ለጥያቄ መነሻ እጠቀምበታለሁ። የሚሰጠኝ ምሳሌ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ቤዝቦል ነው፤ እኔ ወደ ጠጠርና ወደ ባጃጅ እመልሰዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ የተሳሳተ መልስ በሙሉ ልብ ይናገራል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በሮስተር ያተረፍኩት ጊዜ የት ሄደ? ወደ ሩብ ወረቀቶቹ። 58 ወረቀት ለማየት ጊዜ ይፈልጋል። ማንም ተጨማሪ ሰዓት አይሰጠኝምና ከቁጥሩ ሥራ ነው የቀማሁት።

ክፍላችን ግድግዳ ላይ የድሮው የፕላዝማ ብረት ሳጥን እስካሁን አለ። ቴሌቪዥኑ ከተነሣ ቆይቷል። ሳጥኑ ግን ደህና ቁልፍ ስላለው ካርዶቼን እዚያ ነው የማስቀምጠው። ቁልፉን የክፍል አለቃዋ ትይዛለች። እኔ ስገባ ካርዱ ታድሎ ይጠብቀኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ክፍሌ 70 ተማሪ ይሆናል ተብያለሁ። ካርዱ 63 ነው። ብዙ አሰብኩበት። ለጊዜው ያገኘሁት መላ ሰባት ጥንዶች ለሁለት አንድ ካርድ ይያዙ የሚል ነው። ከፍ ከማድረጋቸው በፊት በአንድ መልስ መስማማት አለባቸው። ይጨቃጨቃሉ። ይጨቃጨቁ።